ውሃ የመሰለው ናፍጣ

(አዲስ አበባ ውስጥ ለመካኒኮች፣ ለከባድ መኪና ባለንብረቶችና ለምሕንድስና ተማሪዎች በአንድ እሁድ ከሰዓት የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ተነካክቷል።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ሳታገኙ ከኋላ የቆማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ስለ ናፍጣ ለመስማት እሁድን የሚሠዋ ይህን ያህል ሰው ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም።

ሁለት ጠርሙስ ይዤ መጥቻለሁ። ከፊት ወንበር ጀምራችሁ አሳልፉልኝ። ክዳናቸውን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ ላይተር ያለው ሰው ግን ኪሱ ውስጥ ይተወው። ቢጫውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ከማደያ የቀዳሁት ነው። ሌላውን ያየ ሰው ውሃ ነው ይላል። ሲያሸቱትም ያ እጅ ላይ ተጣብቆ ሁለት ቀን የማይለቀው የናፍጣ ሽታ የለውም፤ ትንሽ ሻማ ሻማ ይላል። እሱም ናፍጣ ነው። ሞተር ውስጥ ብትጨምሩት ሞተሩ ይነሣል፣ እንዲያውም ቀለል ብሎት ይነሣል። የተሠራው ግን ከድፍድፍ ዘይት አይደለም። ከተፈጥሮ ጋዝ ነው።

የዛሬው ጉዳዬ የዚህ ነዳጅ ጭስ ነው። ለምን ያንሳል? በምን ያህል ያንሳል? ያነሰውስ የት ሄደ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሻጮቹ ብዙ ጊዜ አያነሡትም፤ እኔ ደግሞ የምሸጠው ነገር የለኝም።

መጀመሪያ አንድ ግራ መጋባት እናጥራ፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንድ የተማረ ወዳጄ ሦስቱን ነገር አንድ አድርጎ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። በሲሊንደር እየገዛችሁ ወጥ የምትሠሩበት ጋዝ ቡቴንና ፕሮፔን ነው። በመርከብ የሚጫነው ኤልኤንጂ የሚባለው ደግሞ ሚቴን ነው፤ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዘው ፈሳሽ ያደርጉታል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ያው ጋዝ ይሆናል። ጠባዩ አልተለወጠም፣ በርዶት ነው እንጂ። በጠርሙሱ ያለው ግን ሌላ ነው። የሚቴኑ ሞለኪውል ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠርቷል። ክፍል ውስጥ ብታስቀምጡት ለዘላለም ፈሳሽ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሚቴን አንድ ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ነው። ከንጹህ ኦክስጅን ጋር ሙሉ በሙሉ እንዳይቃጠል ተመጥኖ በከፍተኛ ሙቀት ሲገናኝ ይሰበርና ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሆናል። ይህን ድብልቅ ሲንጋዝ ይሉታል። ሲንጋዙ ቀጥሎ ከ200 እስከ 240 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ፣ ኮባልት የተባለው ብረት ባለበት ዕቃ ውስጥ በግፊት ያልፋል። ኮባልቱ ላይ ካርቦኖቹ ጨሌ በክር እንደሚሰካ አንድ በአንድ እየተቀጠሉ ይረዝማሉ፤ ከዕቃው ሲወጡ አብዛኛው ሰም ነው፣ ነጭ ሰም። ሰሙን በሃይድሮጅን እየቆራረጡ ናፍጣ በሚሆን ልክ ያሳጥሩታል። ሻማ ሻማ የሚለው ለዚህ ነው። ከዚህ ሁሉ ደግሞ ውሃ ይተርፋል፤ በክብደት ከነዳጁ የሚበልጥ ውሃ። በረሃ ውስጥ ላለ ፋብሪካ ይህ ሲሳይ ነው።

ዘዴው የተገኘው ለንጹህ አየር ተብሎ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1920ዎቹ አጋማሽ ጀርመን ውስጥ ሙልሃይም ላይ ሲሠሩት አሳባቸው ድንጋይ ከሰል ነበር፤ ጀርመን ከሰል ሞልቷታል፣ ዘይት የላትም። ቀጥሎ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ጦር ከነዳጁ ከፊሉን ከከሰል አገኘ። (እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በዚያው ዘመን ጣልያን ሲወረን ሊግ ኦፍ ኔሽንስ ማዕቀብ ጥሎ ነበር፤ ከማዕቀቡ ዝርዝር ግን ነዳጅ አልገባም። የራሷ ዘይት ያልነበራት ጣልያን በገዛችው ነዳጅ አድዋንና መቀሌን አልፋ አዲስ አበባ ገባች። ነዳጅ የሌለው አገር ማዕቀብን ለምን እንደሚፈራ፣ ወራሪ እንኳ ቢሆን፣ ከእኛ በላይ የሚገባው የለም።) ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ተከተለች። ሳሶል የተባለው ኩባንያዋ በ1950 ተቋቋመ፣ በ1955 ከከሰል ነዳጅ ማምረት ጀመረ፤ የአፓርታይድ መንግሥት ማዕቀብ ሲከበው ፋብሪካውን አሰፋው። እንግዲህ የዚህ ቴክኖሎጂ አሳዳጊዎች እነማን እንደሆኑ እያችሁ። ንጹሕነቱ ሳይታሰብ የመጣ በረከት ነው።

ከጋዝ መሥራቱ የገፋው በ1990ዎቹ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሞሴል ቤይ ላይ፣ ሼል ደግሞ ማሌዥያ ቢንቱሉ ላይ በ1993። የቢንቱሉን ታሪክ ልዝለለው ብል አልችልም፤ አሳዛኝ ቢሆንም ከምወዳቸው የምሕንድስና ታሪኮች አንዱ ነው።

ቅድም ንጹህ ኦክስጅን ያስፈልጋል ብያችኋለሁ። ኦክስጅኑ የሚገኘው አየርን ፈሳሽ እስኪሆን አቀዝቅዞ ናይትሮጅኑን በመለየት ነው። በ1997 በኢንዶኔዥያ ደን ተቃጠለ፤ ለወራት የዘለቀ ቃጠሎ ነበር፣ ጭሱ ቢንቱሉ ያለችበትን የቦርኔዮን ደሴት ሸፈነ፣ ባሕር ተሻግሮም ማላያ ደረሰ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ያ ጭስ የፋብሪካው አየር መሳቢያ ውስጥም ገባ። እጅግ ደቃቅ ስለነበር ማጣሪያዎቹ ሁሉንም አልያዙትም፤ ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ እያለ ፈሳሹ ኦክስጅን በሚፈላበት የአልሙኒየም ዕቃ ውስጥ ተጠራቀመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 25፣ በፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ ጥራጊው ተቀጣጠለ። አልሙኒየም በፈሳሽ ኦክስጅን ውስጥ አንዴ ከተቀጣጠለ እንደ ክብሪት ነው። ማማው ፈነዳ፣ ብረቱ በአካባቢው ተበተነ። ሰው አልሞተም፤ ፋብሪካው ግን እስከ 2000 ድረስ ቆመ። ጭሱ ያነሰ ነዳጅ የሚሠራውን ፋብሪካ ያፈረሰው ጭስ ነው። ይህን ሳስታውስ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ደቃቅ ነገር ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ነው፤ ሳንባችን ውስጥ የሚገባውም እንዲሁ ደቃቅ ነው።

ዛሬ ትልቁ ፋብሪካ ያለው ካታር ራስ ላፋን ነው። ካታር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ በዚያ መንገድ አልፋችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ኦሪክስ የተባለው ፋብሪካ በ2006 ተመረቀ፣ በቀን 34,000 በርሜል። ቀጥሎ ፐርል፣ በቀን 140,000 በርሜል፤ የመጀመሪያ ጭነቱ የወጣው በ2011 ነው። ሃያ አራት የኮባልት ዕቃዎች አሉት፣ እያንዳንዱ 1,200 ቶን ይመዝናል። ለግንባታው ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ወጣ። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ሲሊንደሩ እንግባ። የመጣሁበት ይህ ነው፣ ጊዜዬንም እዚህ ላይ ነው የማጠፋው።

እነዚህ በካርቶን ላይ የለጠፍኳቸው ሁለት ክብ ወረቀቶች ይታዩአችኋል? የጭስ መለኪያ መሣሪያ አለ፣ ከማርሚታው በመርፌ በኩል ጭስ ይስብና በነጭ ወረቀት ያጣራዋል። ሁለቱም ወረቀቶች ከአንድ አሮጌ፣ ማጣሪያ ከሌለው ሞተር የተወሰዱ ናቸው፤ ዙሩም ጭነቱም አንድ ዓይነት ነበር። የተለወጠው ነዳጁ ብቻ። የመጀመሪያው፣ የተራው ናፍጣ ወረቀት፣ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ሁለተኛውን ልብ በሉ፤ ነጭ አይደለም። አመድ የመሰለ ግራጫ ነው። ነጭ ነው የሚላችሁ ሰው ካለ ሊሸጥላችሁ የመጣ ነው።

ጥቁሩ ከየት ይመጣል? ኩራዝ አስታውሱ። ክሩን ዝቅ ስታደርጉት ነበልባሉ ንጹህ ነው፤ ከፍ ስታደርጉት ብርሃኑ ይጨምራል ግን ጥቁር ጭስ ይጀምራል፣ ጣሪያው በጥቀርሻ ይለብሳል። ላምባው በዛ፣ አየሩ አልደረሰለትም። በናፍጣ ሞተር ውስጥም ያው ነው። ኢንጀክተሩ ነዳጁን ሲረጨው የርጩ ጠርዝ አየር ያገኛል፣ መሐሉ ግን ይታፈናል። መሐል ላይ ያለው ነዳጅ ሳይቃጠል በሙቀት ይሰባበርና ካርቦኖቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ያ ነው ጥቀርሻ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው እዚያው ሲሊንደሩ ውስጥ ተመልሶ ይቃጠላል፤ የተረፈው በማርሚታ ይወጣል።

የነዳጁ ዓይነት እዚህ ላይ ይገባል። ከድፍድፍ የሚወጣ ተራ ናፍጣ ውስጥ፣ እንደ ድፍድፉና እንደ ማጣሪያው ቢለያይም፣ ከ20 እስከ 30 ከመቶ የሚሆነው አሮማቲክ የሚባል ነገር ነው። ስድስት ካርቦን ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ የተያያዙበት ቅርጽ ነው። ጥቀርሻም ስትመረምሩት እንዲሁ በክብ በክብ የተያያዘ ካርቦን ነው። አሮማቲክ ያለበት ነዳጅ ማለት ለጥቀርሻ ግንባታ ጡቡ አስቀድሞ ተጠርቦ የመጣለት ማለት ነው። ከጋዝ የተሠራው ውስጥ አሮማቲክ ከ1 ከመቶ በታች ነው፣ ሁሉም ቀጥ ያለ ወይም ትንሽ ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት ነው። ጥቀርሻ መሥራት ይችላል፤ ግን ጡቡን ከጭቃው መጀመር አለበት፣ ጊዜ አይበቃውም። ድኝም የለበትም ማለት ይቻላል። ድኝ ሲቃጠል ራሱ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል፣ በማርሚታው ላይ ጭሱን የሚያጠራ ካታሊስት ካለም ካታሊስቱን ይመርዘዋል።

ይህ ግማሹ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ኖክስ ነው፣ ማለትም ናይትሮጅን ኦክሳይድ። ኖክስ ከነዳጁ አይመጣም፣ ከምንተነፍሰው አየር ነው የሚመጣው፤ ሙቀቱ እጅግ ከፍ ሲል የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይጋባሉ።

መካኒኮቹ ይህን በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ብርድ ባለበት ጠዋት ኢሱዙ ሲነሣ ያ ኳኳታ ምንድን ነው? ከሰል ላይ ላምባ ያፈሰሰ ሰው አስቡ። ወዲያው ከለኮሰ በዝግታ ይያያዛል። ክብሪቱ ጠፍቶት ጥቂት ከቆየና ከዚያ ቢለኩስ ግን የተጠራቀመው ትነት በአንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ ቅንድቡን ይልሰዋል። ኢንጀክተሩ ከረጨበት ቅጽበት ነዳጁ እስኪቀጣጠል ድረስ ያለው ጊዜ ረዘም ባለ ቁጥር ብዙ ነዳጅ ይጠራቀምና ድንገት ይነዳል። ኳኳታው ያ ነው፤ ሙቀቱም ያኔ ይሰቀላል፣ ኖክሱም ያኔ ይወለዳል። ነዳጅ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቀጣጠል የሚለካው በሴቴን ቁጥር ነው። አውሮፓ ለተራ ናፍጣ ቢያንስ 51 ትጠይቃለች። በዚያ ጠርሙስ ያለው ከ70 በላይ ነው። እንደተረጨ ይያዛል፣ በእርጋታ ይነዳል። አጠገቡ ብትቆሙ ድምፁ ሲለወጥ ትሰማላችሁ፤ እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ሞተሩ ጭነቱን የጣለ መስሎኝ የመለኪያውን ሰዓት ዞሬ አይቻለሁ።

ለምን ይህን ያህል እደክማለሁ? ምክንያቱም የናፍጣ ሞተር የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጣጣ አለ። ታይሚንጉን፣ ማለትም ኢንጀክተሩ የሚረጭበትን ቅጽበት፣ ወደ ኋላ ብታዘገዩት ኖክስ ይቀንሳል፣ ጥቀርሻ ይጨምራል። ወደፊት ብታመጡት የተገላቢጦሽ። አንዱን ስትጫኑት ሌላው ብድግ ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ዝቅ የሚያደርግ ነዳጅ ብርቅ ነው፣ ይህ ከእነዚያ አንዱ ነው። ባዮዲዝልን ተመልከቱ፤ ጥቀርሻ በደንብ ይቀንሳል፣ ኖክስን ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ከፍ ያደርጋል። በአሮጌ ፖምፓ ላይ አንዱ ምክንያት የሚገርም ነው፤ ባዮዲዝል ሲጨመቅ ደንደን ያለ ፈሳሽ ስለሆነ ግፊቱ በቱቦው ፈጥኖ ይደርሳል፣ ኢንጀክተሩ ከሰዓቱ ቀድሞ ይረጫል። ከጋዝ የተሠራው ለስለስ ያለ ነው፣ ጥቂት ዘግየት ይላል። መካኒኩ ምንም ሳይነካ ታይሚንጉ ተነካ ማለት ነው።

ቁጥር ስጠን ካላችሁኝ፣ ምንም ባልተለወጡ የከባድ መኪና ሞተሮች ላይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ሙከራዎች ውጤታቸው እንደ ሞተሩና እንደ ተወዳደረው ናፍጣ ይለያያል። አብዛኞቹ የሚወድቁት ለጥቀርሻና ብናኝ ከ20 እስከ 40 ከመቶ፣ ለኖክስ ከ5 እስከ 20 ከመቶ ቅነሳ መካከል ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ብዙ ጊዜ ከዚያም በላይ ይቀንሳሉ። ለንደን ላይ በ2003 በከተማ አውቶቡስ ተሞክሯል። አሜሪካ ውስጥ ሲንትሮሊየም የተባለ ኩባንያ ኦክላሆማ ውስጥ በሠራው ነዳጅ በአላስካ ደናሊ ፓርክና በዋሽንግተን ዲሲ አውቶቡሶች ተነድተዋል፤ ከዚያች ከተማ ሕዝብ ስንቱ የእኛ ሰው እንደሆነ ታውቃላችሁና ሳያውቅ የተሳፈረበት ዘመድ ያላችሁ አትጠፉም። ሆላንድ ውስጥ ዛሬም በቦዩ ላይ የሚሄዱ ጀልባዎች ይጠቀሙበታል፤ ጀልባ ሞተሩ አሮጌ ነው፣ የቆመውም የሰው መስኮት ሥር ነው።

አሮጌ ያልኩት በምክንያት ነው። ይህ ነዳጅ ቁም ነገሩ የሚታየው በአሮጌ ሞተር ላይ ነው። ዩሮ 6 የሚባለው አዲስ ከባድ መኪና ማርሚታው ላይ የብናኝ ማጣሪያ አለው፣ ኖክሱን ደግሞ አድብሉ በሚባለው የዩሪያ ውሃ ያጠፋል። እሱ ላይ የቱንም ናፍጣ ብትጨምሩ፣ ድኙ እስካነሰ ድረስ፣ ከማርሚታው የሚወጣው ልዩነት ጥቂት ነው። ማጣሪያው ቀስ ብሎ ይሞላ ይሆናል፣ ሌላው ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷል። እንግዲህ የሚገርመውን እዩት፤ ነዳጁን የሚገዙት አገሮች ሞተሮቻቸው ከቀን ወደ ቀን የማያስፈልጋቸው ናቸው፣ የሚያስፈልገው ሞተር ያለው እኛ ጋር ነው። እኛ ጋር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሯ ከጅቡቲ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ጅቡቲ ላይ የተስተካከለለትን ናፍጣ እዚህ ሲረጭ የሚያገኘው ኦክስጅን አይበቃውም። ኩራዙ ክሩ ሳይነካ ከፍ አለ ማለት ነው። እንጦጦ ላይ ስትወጡ ከፊታችሁ ያለው ቅጥቅጥ የሚተፋው ጭስ ሁሉ የሹፌሩ ኃጢአት አይደለም።

ጭሱ ደግሞ እንዲያው ዓይን የሚያቃጥል ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ከታወቁት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ጋራዥ ውስጥ በር ዘግታችሁ ሞተር የምታስነሡ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። በሩን ክፈቱት።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። በሊትር ሲለካ ይህ ነዳጅ ቀላል ነው፤ አንዱ ሊትር ወደ 780 ግራም ነው፣ ተራው ግን 830 ገደማ። ስለዚህ በሊትር የሚያገኘው ጉልበት በጥቂት ከመቶ ያንሳል፣ ዳገት ላይ ይታወቃል፣ የነዳጅ ታንኩም ቶሎ ይጎድላል። በተራው ናፍጣ ውስጥ ያለው የማለስለስ ጠባይ ስለሌለው ማለስለሻ ካልተጨመረበት ፖምፓውን ይፍቀዋል። አሮጌ የጎማ ማኅተሞች ደግሞ ለዓመታት ከአሮማቲክ ጋር ኖረው አብጠዋል፤ አሮማቲኩ ሲቀር ይኮማተራሉ፣ ያንጠባጥባል።

ትልቁ ግን ካርቦኑ ነው። ከማርሚታ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጥቂት ከመቶ ያነሰ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከጋዙ ጉልበት ውስጥ ወደ ነዳጅ የሚደርሰው 60 ከመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው ፋብሪካው ውስጥ በሙቀትና በጭስ ይቀራል። ለ1 ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሜትር ኩብ ተኩል የሚበልጥ ጋዝ ይሄዳል። ከጉድጓዱ እስከ ጎማው ደምራችሁ ስታዩት ለአየር ንብረቱ ከተራው ናፍጣ አይሻልም፣ ሊብስም ይችላል። ከከሰል ሲሠራማ አይጣል ነው፤ የሳሶል የሴኩንዳ ፋብሪካ በዓለም ላይ በአንድ ቦታ ብዙ ካርቦን ከሚለቁት ግንባር ቀደም ነው። የጎዳና ላይ ጥቀርሻና ኖክስ በእርግጥ ይቀንሳል፣ ልጆች የሚተነፍሱት እሱን ነውና አልንቀውም። ካርቦኑ ግን አድራሻ ነው የቀየረው።

እኛስ? ይህን ጥያቄ ሳልነካ ብሄድ አትለቁኝም። ኦጋዴን ካሉብ ላይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያገኘው ጋዝ እነሆ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በኦክቶበር 2025 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። የወጣው ግን ኤልኤንጂ ነው፣ የቀዘቀዘው ዓይነት። ለምን ናፍጣ አንሠራበትም የሚል ሰው ሁልጊዜ ያጋጥመኛል። ያቺን 18 ቢሊዮን ዶላር አስታውሱ። አነስ ያለ ፋብሪካ ይሠራል ቢባል እንኳ ናይጄሪያ ኤስክራቮስ ላይ ኦሪክስን በሚያህል ፋብሪካ ምን ያህል ዓመትና ገንዘብ እንደፈጀባት ማየት ነው። ይህ ሥራ ሲተልቅ ነው የሚያዋጣው፣ ሲያንስ ይበላል። ከዚህም ሌላ መንግሥት በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ የከባድ መኪናው ጉዳይ ገና ረጅም ዕድሜ ቢኖረውም ሃያ ዓመት የሚከፈልበት የናፍጣ ፋብሪካ መትከል ለእኔ አይታየኝም።

የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ለጎዴ የታሰበው የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ የሚነሣው ከዚያው ከኦጋዴን ጋዝ ነው፤ የመንገዱ መጀመሪያም አንድ ነው፣ ሚቴኑን ሰብሮ ሃይድሮጅን ማውጣት። ቅድም አድብሉ ያልኳችሁ ምን ነበር? የዩሪያ ውሃ። አንድ ሦስተኛ የሚያህለው ዩሪያ፣ ቀሪው የተጣራ ውሃ። ያ ጋዝ ናፍጣ ሳይሆንም የናፍጣን ኖክስ ማጥፋት ይችላል፣ አንዲት የማጥሪያ መሥመር ከጎኑ ከተተከለች። ስለዚህ እኔ ባለሥልጣን ብሆን፣ ደግነቱ አይደለሁም፣ ገንዘቡን የማወጣው በሦስት ነገር ላይ ነው፤ ድኙ ያነሰ ናፍጣ በመግዛት፣ ኢንጀክተርና ፖምፓ በትክክል በሚፈትሹ ጋራዦች፣ በመጨረሻም በዚያች መሥመር። የተበላ ኢንጀክተር እየተንጠባጠበ ይህን የካታር ውሃ ቢሰጡት እንኳ ያጨሳል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ ወደ መቀበሉ እንሂድ። ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ብቻ ጽፌ አስቀርቻለሁ።

አንድ ልጅ፣ «ዩሪያ ከሆነ፣ ማዳበሪያውን ገዝተን በውሃ ብናሟሟውስ?» አለ። ሳቅ ሆነ፣ ግን የሚሳቅበት አልነበረም፤ ያደረገ ሰው አውቃለሁ። አይሆንም። የማዳበሪያው ፍሬ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር አለው፣ ሌላም ቆሻሻ አለበት። ካታሊስቱ ላይ ይጋገርበታል፣ ኖዝሉን ይደፍነዋል። ሁለት ሺህ ብር ለማትረፍ ብሎ የመኪናውን ሩብ ዋጋ ያወጣ ሰው ነው የማውቀው።

ሁለተኛው ጠያቂ ፀጉራቸው የሸበተ፣ በፊያት 682 ከአሰብ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሹፌር ነበሩ። «ልጄ፣ ይኼ ነጩ ናፍጣ በእኔ ፊያት ቢገባ ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጭሱ ይቀንሳል፣ ድምፁም ይለሰልሳል» አልኳቸው። «ግን ከመጨመርዎ በፊት የፖምፓውን ኦሪንጎችና የመስመሩን ጎማዎች በሙሉ ያስቀይሩ። አለዚያ በሳምንቱ ሥሩ ኩሬ ይሆናል።»

«ታዲያ አርባ ዓመት ሳያንጠባጥብ የኖረውን ልበትነው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ጠርሙሶቹን ስሰበስብ ቢጫው እንደሄደ ተመለሰ። የነጩ ግን የደረሰኝ ክዳኑ ብቻ ነው። የወሰድከው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ለሞተርም ብትፈልገው ለማሳየትም ብትፈልገው ግዴለኝም። ግን ዛሬውኑ ጠርሙሱ ላይ ናፍጣ ብለህ በትልቁ ጻፍበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቁምሳጥን ላይም ስቀለው። ውሃ ይመስላል።